የአንባብያን ጥያቄዎች፦ ጃፓን ውስጥ ስለሚወረውሩ የቤዝቦል ዘጊዎች

ጥያቄ፦ ዴኒስ ሳርፋት የተባለ አሜሪካዊ በ2017 ጃፓን ውስጥ 54 «ሴቭ» አስመዝግቦ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች እንደተባለ አነበብኩ። መጨረሻ ላይ ብቻ ገብቶ ጥቂት ኳስ የሚወረውር ሰው ይህን ያህል የሚከበረው ለምንድን ነው? ሴቭ ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ወይም ከስድስት ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር፤ ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው) በኋላ ይወጣል። ቀሪውን ተቀያሪ ወርዋሪዎች ይካፈሉታል፤ የመጨረሻው ዘጊው ነው። ሴቭ የሚያገኘው ቡድኑ እየመራ ገብቶ መሪነቱን ሳያስነጥቅ ጨዋታውን የጨረሰ ወርዋሪ ነው። ግን መምራት ብቻውን አይበቃም። የነጥቡ ልዩነት ከ3 ያልበለጠ ሆኖ ገብቶ አንድ ሙሉ ኢኒንግ መወርወር አለበት። ወይም ደግሞ አቻ የሚያደርገው ተጋጣሚ ቤዝ (ሯጮች የሚቆሙበት ማዕዘን) ላይ፣ ዱላ ይዞ፣ ወይም ቀጣዩን ተራ እየጠበቀ ሳለ መግባት አለበት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ 3 ኢኒንግ መወርወር ይጠበቅበታል። ስለዚህ 5 ለ 1 እየመሩ ዘጠነኛው ኢኒንግ ሲጀመር የገባ ሰው ሦስቱንም መቺዎች ቢያስወጣ እንኳ ሴቭ አይጻፍለትም።

ከሳርፋት በፊት የነበረው የጃፓን ክብረ ወሰን 46 ነበር፤ ሂቶኪ ኢዋሴ በ2005፣ ኪዩጂ ፉጂካዋ በ2007 ያስመዘገቡት። እሱ በ8 በለጣቸው። በ66 ጨዋታ ገብቶ በየዘጠኝ ኢኒንጉ በአማካይ የተቆጠረበት 1.09 ነጥብ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የፍጻሜ ፍልሚያ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ደግሞ፣ አንድ ኢኒንግ የለመደው ሰው ሦስት ኢኒንግ ወርውሮ ክለቡ ፉኩኦካ ሶፍትባንክ ሆክስ በ11ኛው ኢኒንግ አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋችነትም የእሱ ሆነ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ የኮሌጅ ቡድን ተቀያሪ ወርዋሪ ነው። «አሜሪካ ካልተሳካልኝ ጃፓን እሄዳለሁ» ይላል። ይህ እውን ይሆናል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በቀጥታ ከኮሌጅ? አይመስለንም። የጃፓን ክለቦች በአብዛኛው የሚፈልጉት ከአሜሪካው ዋና ሊግ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ባለው ትሪፕል ኤ ራሱን ያሳየ፣ ወይም ዋናው ሊግ ውስጥ ገብቶ ቦታ ማጽናት ያቃተውን ሰው ነው። ሳርፋትም በ2011 ሂሮሺማ የገባው በሚልዋኪ፣ በሂዩስተንና በባልቲሞር ከተጫወተ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ወርዋሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ወደ ታች ሊግ ይወርዳል፣ ይመለሳል፤ ክፍያውም አብሮት ይወርዳል፣ ይወጣል። ጃፓን የምትስበው ዓመቱን ሙሉ የታወቀ ደመወዝና የታወቀ ሥራ ስለምትሰጠው ነው።

ቢቀናው ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው። ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ሊያስቀምጣቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ የተረጋገጠው ደመወዝ ስንት ነው? ግብሩን ማን ይከፍላል? አስተርጓሚ፣ ቤትና የቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬት ይካተታል? ከተጎዳ የት ይታከማል? ዋናው ሊግ ቢጠራው ክለቡ ይለቀዋል? ይህ የመጨረሻው ብዙዎች የሚረሱት ነው፤ ሮበርት ሱዋሬዝን አስቡት። ቬኔዝዌላዊው ከሜክሲኮ ሊግ ተነሥቶ ሶፍትባንክ ገባ፤ በ2017 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ2021 ለሌላው የጃፓን ክለብ ለሃንሺን 42 ሴቭ አስመዘገበ፤ በ2022 በ31 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ዋና ሊግ ለሳን ዲዬጎ ወረወረ።

ሜዳው ላይ ደግሞ ፍጥነት ብቻውን አያኖረውም። የጃፓን መቺ ዱላውን አሳጥሮ ይይዝና ጥሩ ጥሩ ኳሶችን ከመስመሩ ውጭ ወደ ጎን እየመታ ወርዋሪውን ያደክማል፤ 12 ኳስ ይበቃል የተባለ ኢኒንግ 25 ይፈጃል። ቤዝ ላይ ያለው ሯጭም ሰዓት ይይዝበታል። ወርዋሪው እግሩን ካነሣበት እስከ ካቸሩ (ኳሷን የሚቀበለው ተጫዋች) ጓንት ድረስ ከ1.3 ሰከንድ በላይ የሚወስድበት ከሆነ ቤዝ ይሰርቁበታል፤ ማለትም እሱ ሲወረውር ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጠው ያልፋሉ። እግሩን ከፍ አድርጎ የሚያነሣ ረጅም አሜሪካዊ መጀመሪያ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ሯጭ ሲኖር እግሩን ሳያነሣ አንሸራቶ መወርወር ነው። ኳሷ ግን ትጠቅመዋለች። ሚዙኖ የሚሠራት ኳስ ከአሜሪካዋ ይልቅ እጅ ላይ ትይዛለች፤ በሁለት ጣት መሐል ተይዛ መቺው ጋ ስትደርስ የምትወድቀውን ስፕሊተር መወርወር ይቀላል።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው ቡድን ጨዋታ ላይ ጥሩ የውጭ አገር ወርዋሪ አየሁ። ዋናው ቡድን ደግሞ በዘጊ እጦት እየተሸነፈ ነው። ለምን ወደ ዋናው ቡድን አያሳድጉትም? (ከቶኪዮ፣ ካትሱሺካ)

መልስ፦ ክለቡ የፈለገውን ያህል የውጭ ተጫዋች ማስፈረም ይችላል፤ ለአንድ ጨዋታ ግን ከ4 በላይ ማሰለፍ አይችልም። ቦታዎቹን ሌሎች የውጭ ተጫዋቾች ከያዟቸው ለዘጊው ቦታ የለም። ከዋናው ዝርዝር የወጣ ተጫዋች ደግሞ ለ10 ቀን አይመለስም። ያዩት ሰው ምናልባት የሌላው መጎዳት እየጠበቀ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ብዙ የውጭ ዘጊዎችን የሚያባርራቸው ክንዳቸው ሳይሆን ይህ ሒሳብ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራው አንድ ኢኒንግ ከሆነ እንዴት ይጎዳሉ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በይፋ የሚቆጠረው ሜዳ ላይ የተወረወረው ብቻ ስለሆነ ነው። ዘጊ ለመሟሟቅ ከ15 እስከ 25 ኳስ ይወረውራል። «ተነሥ» ተብሎ ሞቆ ሳይገባ ከተቀመጠ፣ እንደገና ሲጠራ እንደገና ይወረውራል። ይህ በሳምንት ስድስት ጨዋታ፣ በዓመት 143 ጨዋታ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ የመሟሟቂያውንም ይመዘግባል፤ ሦስት ቀን በተከታታይ የገባውን በአራተኛው ያሳርፋል።

ክርን ከተጎዳና ጅማት ከተተካ ለመመለስ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወስዳል። ሳርፋትን ያቆመው ግን ክርን አልነበረም፤ የቀኝ ዳሌው ነበር። የወርዋሪ ጉልበት ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ትከሻ ስለሚተላለፍ ዳሌው የማይዞር ሰው በክንዱ ብቻ ይወረውራል። ሚያዝያ 2018 ላይ 5 ሴቭ እንዳስመዘገበ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ወደ ዋናው ቡድን ሳይመለስ በ2021 በ234 ሴቭ ጫማውን ሰቀለ።