«ተምረሽ ላም ልታልቢ ነው?»

የሱሉልታዋ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቀሽ ከዓመት በላይ ሥራ የለሽም። እናትሽ ሦስት የፈረንጅ ላሞች አሏቸው፤ ከሳቸው ጋር ሠርተሽ አራተኛ መግዛት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ «ተምረሽ ላም ልታልቢ ነው?» እያሉ የወረዳ ቅጥር ጠብቂ ይሉሻል። አጎትሽ ደግሞ ለ500 ዶሮ ብድር ሊሰጡሽ ተዘጋጅተዋል። ማስተርስም አስበሻል።

ማስተርሱ ይቆይ። ዶሮውም እንዲሁ። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ከገባ ዶሮዎቹ ባንድ ሳምንት ያልቃሉ፣ አጎትሽ ግን የትም አይሄዱም።

አባትሽ ይቅር ይበሉኝና ተሳስተዋል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ገንዘብ ይላክልሽ የነበረው ከወተቱ እንደሆነ ራስሽ ጽፈሻል። ልጅ ሲያስተምር ያላሳፈረ ወተት ልጅቷ ስትሸጠው የሚያሳፍረው ለምንድን ነው? የወረዳው ቅጥር «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክቺ፣ ቁጭ ብለሽ ግን አትጠብቂው።

አንቺንም አልምርሽም። አራተኛ ላም አትግዙ። ለሦስቱ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ (ዘይት የተጨመቀ እህል ተረፈ ምርት) እና ድርቆሽ በወር ስንት እንደሚወጣ ቤት ውስጥ የጻፈው ሰው አለ? ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው የሚያልቡት የእናትሽ ጉልበትስ በማን ሂሳብ ነው? (ረከሰ ተብሎም የሻገተ ፋጉሎ አይገባ፤ መርዙ ወተቱ ውስጥ እንደሚገኝ ተምረሽዋል።)

ዋናው ጣጣ ግን ገበያው ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ነው። ላሟ አትጾም፤ ትበላለች፣ ጠዋት ማታ ትታለባለች። እኔ ወደ ምክር ሥራ ሳልገባ ሦስት ዓመት ወተት መሰብሰቢያ ላይ ተቀባይ ነበርኩ። በላክቶሜትር ውሃ የገባበትን እለያለሁ፣ አልኮል ጨምሬ የሚረጋውን፣ መበላሸት የጀመረውን ማለቴ ነው፣ እመልሳለሁ። በጾም ወቅት አለቆቻችን «ሞልቷል፣ አትቀበሉ» ሲሉን በጠዋት ጄሪካን ተሸክመው የመጡ እናቶችን ደህና ወተታቸውን ይዘው እንዲመለሱ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ነው ላም ጠባቂው ሁሉ ስለ ላሙ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ፣ ወተቱ ከበሩ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ግን የሚያውቅ ጥቂት እንደሆነ ያየሁት።

ለምሳሌ ሐምሌ ላይ የተዳቀለች ላም ዘጠኝ ወር ሲሞላት ሚያዝያ ገደማ ትወልዳለች። ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት ወተቷን ማድረቅ ስላለባችሁ፣ የምትደርቅበት ጊዜ አብዛኛው ሁዳዴ ላይ ያርፋል። ገበያው ሲከፈት እሷም ወተት ይዛ ትመጣለች። ሦስቱም እንዲህ አይገጥሙልሽም፤ ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት ያመልጣል፣ አዳቃዩም ስልክ አያነሳም። አንዷ ብትገጥም ግን የመኖ ወጪሽ ይቀላል። ከሌሎቹ የተረፈውን የጾም ወተት ናጡት፤ ቅቤው ለፋሲካ ይፈለጋል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሆለታ ወዳሉ ሰብሳቢዎችና ማቀነባበሪያዎች ዲግሪዬን ይዤ እሄዳለሁ። ማስታወቂያ ሳትጠብቂ ገብተሽ ጠይቂ። ቅበላም ይሁን ጥራት ቁጥጥር፣ ደሞዙ ቢያንስም ግቢበት። አንድ ሁዳዴ እዚያ ሆነሽ እለፊ። ማን ስንት እንደሚገዛ፣ ማን ቶሎ እንደሚከፍል፣ ማን ክፍያ እንደሚያቆይ ታውቂያለሽ። አራተኛዋን ላም ያኔ እናወራለን።

እስከዚያው ከዛሬ ማታ እለባ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ስንት ሊትር ወጣ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ስንት ብር መኖ ገባ። ወሩ ሲያልቅ ለአባትሽ አሳያቸው። ኪሳራ ሆኖ ከተገኘም አትደብቂያቸው።