አዌቱ ሲሞላ ማን ማንን ያወጣል? ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሳይጠና፣ የአዌቱ ወንዝ ሞልቶ ጎርፍ ሲመጣ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዴት እንርዳ ብለው ከጅማ የእድር ኃላፊዎች፣ የቀበሌ አስተባባሪዎችና አስታማሚዎች ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ አባላቱን «ቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?» ብለን ስንመዘግብ ሁለት ሰው ብቻ አገኘን። ይሆናል?

አይሆንም፤ የተሳሳተው አጠያየቁ ነው። ሰው እናቱን ወይም ልጁን በዚህ ስም ማስመዝገብ ይከብደዋል፤ አረጋውያንም «እርጅና ነው እንጂ» ብለው ያልፉታል። ስያሜውን ትታችሁ የሚቸገሩበትን ጠይቁ፦ መነጽር አድርገውም ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማትስ? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ? ራስን ለመታጠብና ለመልበስ? ከሰው ጋር ለመግባባት? መልሱ አራት ነው፦ አልቸገርም፣ ትንሽ፣ በጣም፣ ጭራሽ አልችልም። «በጣም» ካለ ጀምሮ መዝገብ ላይ ይግባ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ጠይቁ፤ የቤቱ አባወራ ስለሁሉም እየመለሰ ከሆነ የሚቸገረውን ሰው ራሱን አናግሩ።

ከስሙ ጎን የሚወስደው መድኃኒት፣ የሚጠቀምበት መርጃና የሚያወጡት የሁለት ጎረቤቶች ስልክ ይጻፍ። አንድ ጎረቤት አይበቃም፤ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ቤት ቢኖርም አዋቂ ሰው ብቻውን አይሸከምም። ዝርዝሩን ግን ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፉ። ማን ብቻውን እንደሚኖር ለሌባ መንገር ነው።

ጥያቄ፦ የእድሩ ጡሩምባ ለማስጠንቀቂያ ይበቃል?

ለሚሰማ ሰው ይበቃል። መስማት ለተሳነው በር ማንኳኳቱም ከንቱ ነው። በሩን ከውጭ የሚከፍት ቁልፍ አንዱ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ፣ ሲገባም የእጅ ባትሪ ያብራ። ንዝረቱ የበራ ስልክ ትራስ ሥር ማድረግ ይረዳል፤ መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ግን ዋጋ የለውም። ለዓይነ ስውሩ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው፦ ክፍት ቦዩ በውሃ ሲሸፈን በትሩ ጥልቀቱን ሊያሳየው አይችልም። ክንዱን ይዛችሁ አትግፉት፤ እሱ ክርናችሁን ይያዝና ግማሽ እርምጃ ቅደሙት።

ጥያቄ፦ ዊልቸር ጭቃ ላይ አልሄድ ይላል።

ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ስለሚሰምጡ ነው። አዙራችሁ ወደ ኋላ ጎትቱት። ቁልቁለትም ላይ ወደ ኋላ ነው የሚወርደው፣ አንድ ሰው ከታች ይደግፍ። ጎርፉ እየፈሰሰ ከሆነ ግን አትግቡበት፤ አንድ ስንዝር የማይሞላ ፈጣን ውሃ እንኳ ቆሞ የሚሄድ ሰው ይጥላል። ባጃጅ ከመጣ ሰውየውን ብቻ ጭናችሁ ዊልቸሩን ጥላችሁ አትሂዱ። መጠለያ ደርሶ ወለል ላይ የቀረ ሰው ያለ ዊልቸሩ ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም።

ጥያቄ፦ መጠለያችን ትምህርት ቤት ነው። በአነስተኛ ወጪ ምን እናስተካክል?

መግቢያውንና ሽንት ቤቱን። መግቢያው ላይ የሚሠራው የዊልቸር መወጣጫ ልክ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ሁለት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 3.6 ሜትር ጣውላ ያስፈልጋል። አናጢ «ይበዛል» ብሎ ካሳጠረው ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ስፋቱ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ግራና ቀኙ ጎማ እንዳያመልጥ ጠርዝ ይኑረው። እርጥብ ጣውላ ስለሚያንሸራትት ቀለም ከመድረቁ በፊት አሸዋ ነስንሱበት።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው መቀመጥ ያልቻለበትን ሽንት ቤት ሲሸሽ ውሃ መጠጣቱን ይቀንሳል፤ ድርቀቱም በሽታ ሆኖ ይመጣል። ከእንጨት ወንበር መሃሉን ቆርጣችሁ ጉድጓዱ ላይ አስቀምጡ፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የፕላስቲክ ወንበር ለዚህ አይሆንም፤ መሃሉ ሲቆረጥ ጉልበት ያጣና እግሮቹ ይከፈታሉ።

ጥያቄ፦ እርዳታው ደርሶም አቅመ ደካሞች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ለምን?

ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው። በተለመደው የአገራችን ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ይሰጣል። እህሉ ግን ከነማዳበሪያው 50 ኪሎ ሆኖ ይመጣና «ሦስት ሆናችሁ ተካፈሉ» ይባላል። ክራንች የያዘ ሰው በምን እጁ ይሸከማል? ለተሸካሚ ከእህሉ ቆርሶ ይከፍላል። በማከፋፈያው ሚዛን እያለ 15 ኪሎውን በሦስት ፌስታል፣ አምስት አምስት ኪሎ አድርጎ መስጠት ደቂቃ አይፈጅም። የተለየ ሰልፍና አግዳሚ ወንበርም ይኑር፣ ጠዋት መጀመሪያ ይስተናገዱ።

ያልተፈጨ ስንዴ ሲሰጥ የወፍጮው ክፍያ ይከተላል፤ ጥርስ ለሌለው ደግሞ ንፍሮው አይሆንለትም። ከተቻለ በዱቄት ወይም በፋፋ ይቀየርላቸው።

ራሱ መጥቶ መውሰድ ለማይችል ውክልና አስፈላጊ ነው፤ ወኪሉ የሚበላበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከአሥር ቤት አንዱን ሳታስታውቁ ጎብኙ፣ የደረሰውን በሚዛን ለኩ። ወኪሉ ቆሞ እያለ የእርዳታውን ባለቤት አትጠይቁ፤ «ደርሶኛል» ነው የሚላችሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ አልጋ ላይ ናት። መጠለያ ወለል ላይ ብትተኛ እሰጋለሁ።

ስጋትሽ ተገቢ ነው እህቴ። ፍራሽ ከሌለ ብርድ ልብስና ጋቢ ደራርቢ፣ በየሁለት ሰዓቱም ጎን አስቀይሪያት፣ ሌሊትም ጭምር። ተረከዟን፣ ዳሌዋንና የጀርባዋን ታች እይ። የቀላ ቦታ ስትጫኚው ካልነጣ ቁስል እየጀመረ ነው፦ በዚያ በኩል አታስተኚያት፣ አታሺው። ከጨርቅ የተሠራ የቀለበት ትራስም ደም ስለሚያግድ ይቅር።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን ያለ ፍሪጅ?

የጀመሩት ጠርሙስ ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የጅማ አየር ለዚህ አይከፋም። በትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገብቶ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይሠራል። በረዶ ላይ አይቀመጥ፣ በረዶ ሆኖ ከረጋ ይጣላል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ካለ የሁለት ሳምንቱ ሁልጊዜ ከቦርሳው አይጥፋ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊነሳ ይችላል።