የላብ ኮምፒውተሮች ዴስክቶፕ፦ ምኑ ይቆለፍ፣ ምኑ ይተው?

መምህር፣ «ተማሪዎቼ የጋራ ኮምፒውተሮቹን ዴስክቶፕ በየክፍለ ጊዜው እየቀያየሩ አስቸገሩኝ፤ ሁሉንም ነገር ልዝጋው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ላብ ውስጥ ስለምሠራ ያየሁትን ልንገርዎ። ይዝጉ፤ ሁሉንም ግን አይዝጉ።

ችግሩ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የተለመደችው ተንኮል ይቺ ናት፦ ተማሪው ዴስክቶፑን ስክሪንሾት ያነሳል፣ ምስሉን ባክግራውንድ ያደርገዋል፣ ከዚያ እውነተኞቹን አይከኖች ይደብቃል። ቀጥሎ የሚቀመጠው ልጅ ዎርድን ደጋግሞ ይጫናል፤ ምንም የለም። ተበላሽቷል ብሎ እጁን ያወጣል። ክፍለ ጊዜው እንዲህ ሆኖ ያልቃል።

በመጀመሪያ አካውንቱን ይመልከቱ። ተማሪ በአድሚን አካውንት (ሁሉንም መቀየር በሚችለው) የሚገባ ከሆነ የቆለፉትን ሁሉ ራሱ ይፈታዋል። ስታንዳርድ አካውንት ይክፈቱለት።

ዊንዶውሱ ፕሮ ወይም ኤዱኬሽን ከሆነ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር፣ ማለትም ተጠቃሚው ምን መቀየር እንደሚችልና እንደማይችል የሚወሰንበት መሣሪያ፣ አለው፤ ሆም ላይ ግን የለም። «ዩዘር ኮንፊገሬሽን»፣ «አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ»፣ «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ፐርሰናላይዜሽን» እያሉ ይግቡ። ባክግራውንድ፣ ቲም እና ስክሪን ሴቨር መቀየርን የሚከለክሉት እዚያ ናቸው። ኤዲተሩን እንዲሁ ከፍተው ካስተካከሉት ግን ክልከላው እርስዎንም ይይዛል። ኤምኤምሲ በሚባለው የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ መስኮት በኩል ገብተው «ነን አድሚኒስትሬተርስ» (አድሚን ያልሆኑ) ለሚለው ቡድን ብቻ ያድርጉት።

እኔ ከክልከላ ይበልጥ የምወደው ራሱን የሚመልስ ዴስክቶፕ ነው። ማንዳቶሪ ፕሮፋይል በሚባለው፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በተቆለፈ የተጠቃሚ ቅንብር ላይ ተማሪው የቀየረው ነገር ሎግ ኦፍ ሲያደርግ አብሮ ይጠፋል። እንደ ዲፕ ፍሪዝ ያሉት ፕሮግራሞች ደግሞ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሳሉ። ልጁ የፈለገውን ይሞክር፣ ይማርበት፤ ቀጣዩ ንጹሕ ዴስክቶፕ ያገኛል። ብቻ ሥራቸውን ዴስክቶፕ ላይ የሚያስቀምጡ ልጆች አሉና፣ የማይጠፋ የጋራ ፎልደር ሳያዘጋጁ ይህን አያብሩ። የልፋታቸው ውጤት ሲጠፋባቸው ማየት ያማል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ። ኮንትሮል ፓነልንና ሴቲንግስን ጠቅልሎ የሚዘጋ ፖሊሲ ያገኛሉ። እባክዎ አይንኩት። ዓይኑ የሚደክም ልጅ ጽሑፉን ማጉላት፣ የማውሱን ቀስት ማተለቅ፣ ከለሩን ወደ ሃይ ኮንትራስት መቀየር አለበት። ለእሱ ይህ ማስዋብ አይደለም፤ ሳይቀይረው ማንበብ አይችልም። ብዙዎቹ ደግሞ አፍረው አይናገሩም፤ ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ዝም ይላሉ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ሴቲንግስ ፔጅ ቪዚቢሊቲ» የሚባለው ፖሊሲ የፈለጉትን ገጽ ብቻ ለይቶ ይደብቃል፤ እሱ ይበቃዎታል።

ሲጨርሱ በተማሪ አካውንት ገብተው የዊንዶውስ ቁልፍንና «ዩ»ን አንድ ላይ ይጫኑ። ማጉያውና ሃይ ኮንትራስቱ ያሉበት የአክሰሰቢሊቲ ገጽ ካልተከፈተ አንድ ቦታ ከልክ በላይ ዘግተዋል ማለት ነው፤ ተመልሰው ያላሉት።