የተማሪን ሥነ ምግባር በፈተና መመዘን ይቻላልን?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በምርጫ ጥያቄዎች ከፍተኛ ውጤት ያመጣሉ፤ ነገር ግን ከእነዚሁ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ለመስክ ሥራ ወደ ቀበሌ ሲወጡ፣ ያልረገጡትን ቤት እንደ ጎበኙ አድርገው መጠይቅ ሲሞሉ ደርሼባቸዋለሁ። የሥነ ምግባር አስተሳሰባቸውንና ማኅበራዊ ኃላፊነታቸውን እንዴት ልመዝን? ነጥብስ ልሰጥበት ይገባልን?
መምህርት፣ ከጅማ

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ሐቀኝነት ምን እንደሆነ ተጠይቆ ትክክለኛውን ፊደል ያከበበ ተማሪ ያሳየን የማስታወስ ችሎታውን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ሬስት እንዳስረዳው፣ ሰው በሥነ ምግባር ለመሥራት አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ጉዳዩ ሌላውን ሰው እንደሚነካ ማስተዋል፣ ትክክለኛውን መንገድ መለየት፣ ያንን መንገድ ከራስ ጥቅም ማስቀደም እና እስከ ፍጻሜው መጽናት። መጠይቁን በሐሰት የሞላው ተማሪ ሁለተኛውን ሳያውቅ አልቀረም፤ የጎደለው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ይመስለኛል። ሬስት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዘጋጀው ታዋቂ መመዘኛም ቢሆን በዋናነት የሚለካው ሁለተኛውን ስለሆነ፣ እርሱን ተርጉመው ቢጠቀሙበት ችግርዎ አይፈታም።

ይልቁንም ተማሪዎቹ በሚያውቁት ኑሮ ላይ የተመሠረተ፣ በቀላሉ የማይቋጭ ጉዳይ ይስጧቸው። ለምሳሌ አንድ ቡድን በጅማ ዞን ወንዝ ዳር ጥናት ሲያደርግ፣ ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ወንዙ ሲገባ ያያል እንበል። ከታች በኩል ከብት የሚያጠጡና ውኃ የሚቀዱ ሰዎች አሉ፤ መፈልፈያው ደግሞ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ሲሆን፣ ተማሪዎቹን በቤታቸው ያሳደሩት አባወራ የማኅበሩ አባል ናቸው፤ «ልጆቼ፣ በሪፖርታችሁ ላይ የእኛን ነገር አታንሡብን» ብለው ለምነዋቸዋል። ተማሪው ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሆነ በሁለት ገጽ ይጻፍ።

እዚህ ላይ ነጥብ የሚሰጠው ለመረጠው ወገን ሳይሆን ለምክንያቱ ነው። «ሕግ መከበር አለበት» ብሎ የሚያቆም ጽሑፍ ደካማ ነው። የሚጎዱትን ሁሉ ለይቶ የቆጠረ፣ የአባወራውን ስም መጠበቅና የፍሳሹን ጉዳት መደበቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስተዋለ፣ ጉዳዩን አስቀድሞ ለማኅበሩ መሪዎች ማቅረብን ያሰበ፣ በራሱ ውሳኔ ላይ የሚነሣውን ጠንካራ ተቃውሞ ሳይሸሽ የመለሰ ጽሑፍ ግን ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል። የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የሥነ ምግባር አስተሳሰብ መመዘኛም የችግሩን መለየትና የተለያዩ አመለካከቶችን መመርመር በአራት ደረጃዎች ይመዝናል። ጽሑፎቹን ሁለት መምህራን ስም ሳያዩ ለየብቻቸው ቢያርሙና በተለያዩበት ላይ ቢወያዩ ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል።

ማኅበራዊ ኃላፊነት ግን በወረቀት አይመዘንም። ለዚህ ከተማዎ ጥሩ መሠረት አላት፤ የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከመሠረቶቹ አንዱ በሆነው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን መርሑ አድርጎ ተነሥቷል። ተማሪዎችዎ በቀጠሯቸው መገኘታቸውን፣ የቤቱን ባለቤት ፈቃድ መጠየቃቸውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጥናታቸውን ውጤት ተመልሰው ለነዋሪው መንገራቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የቀበሌውን ሽማግሌዎች ይጠይቁ። ነዋሪው ጊዜውን ሰጥቶ ውጤቱን ሳይሰማ መቅረቱ በደል ነው፤ ይህንን የሚመዝን ኮሌጅ ግን ብዙ አላየሁም። ከእያንዳንዱ ቡድን መጠይቅ ጥቂት ቤቶችን በዕጣ መርጠው ራስዎ ቢጎበኙ፣ የሐሰት መረጃ የመሙላት ፈተናው ይቀንሳል።

ነጥብን በተመለከተ፣ ለጽሑፉና ለመስክ ሥራው ቢሰጡ ተገቢ ነው። የሐሰት መረጃ የኮሌጁ የሥነ ሥርዓት ደንብ ጉዳይ ስለሆነ በዚያው ይታይ። ተማሪው ስለ ራሱ የሚጽፈውን የመስክ ማስታወሻ ግን አንብበው አስተያየት ይስጡበት እንጂ ነጥብ አይስጡበት፤ ነጥብ ከተሰጠበት ተማሪው እርስዎን ደስ የሚያሰኘውን መጻፍ ይጀምራል።