«ስንት?» ከማለት በፊት «መቼ?»

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «አንድ ግዛት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለመሳብ ስንት ገንዘብ ቢያቀርብ ይበቃዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አንገበገበኝ። እኛ ኩባንያ ለመሳብ የምንደራደር የልማት ሙያ ሰዎችም ለብዙ ዘመን «ስንት?» እያልን «መቼ? ከማንስ ኪስ?» ማለቱን ዘንግተን ኖረናል።

የአሜሪካዋን ዊስኮንሲን ተመልከቱ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2017 የታይዋኑ የኤሌክትሮኒክስ አምራች ፎክስኮን 10 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ፣ 13,000 ሠራተኛ ቀጥሮ የስክሪን ፋብሪካ እተክላለሁ አለ። ግዛቱም ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማበረታቻ በሕግ አጸደቀ። ስሌቱ ከሚከፍለው ደመወዝ 17 በመቶ፣ ለግንባታና ለመሣሪያ ከሚያወጣው ደግሞ 15 በመቶ እንዲመለስለት ነበር። ይህ ግብር መቀነስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ግዛት አምራቾች የገቢ ግብር ከሞላ ጎደል አይከፍሉም፤ ስለዚህ «ተመላሹ» አብዛኛው ከግምጃ ቤት የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ግዛቱን ያዳነው አንድ አንቀጽ ነው። በየዓመቱ ዝቅተኛ የቅጥር ቁጥር ተቀምጧል፤ ከዚያ ከጎደለ ክፍያ የለም። በ2018 ወለሉ 260 ሰው ሲሆን ኩባንያው ራሱ ያስመዘገበው 178 ነበር። አልተከፈለውም። በ2021 ውሉ ሲታደስ ግቡ ወደ 1,454 ሠራተኛ፣ የግዛቱ ማበረታቻ ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር ወረደ።

ፋብሪካው የሚተከልባት ማውንት ፕሌዛንት የተባለችው መንደር ግን መሬት ለመግዛት፣ መንገድና ውኃ ለመዘርጋት አስቀድማ ተበድራለች። ኩባንያው በተወሰነ የንብረት ዋጋ ላይ ግብር ለመክፈል መፈረሙ ሸክሙን አቀለለላት እንጂ ለመሬቱ ሲባል የፈረሱትን ቤቶች አልመለሰም። በአንድ ስምምነት ግዛቱ ውጤት አይቶ ሲከፍል መንደሯ ቀድማ ከፈለች። ዛሬም ይህን ልዩነት የሚያነብ ወጣት ባለሙያ ጥቂት ነው፤ የፊርማውን ሥነ ሥርዓት ፎቶ ግን ሁሉም ያጋራል።

ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ሮድ አይላንድ ደግሞ በ2010 ለሥራ ፈጠራ ከፈቀደችው የ125 ሚሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና 75 ሚሊዮኑን ለአንድ የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ሰጠች። ዋናው ጨዋታ ሳያልቅ ኩባንያው በ2012 ከሰረ፤ ዋሱ ግዛትም ዕዳውን ተሸከመ።

ውል ስታረቅቁ «ሥራ» የሚለውን ቃል በትርጉም እሰሩት፦ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት፣ የሚቆጠረው በዓመቱ የትኛው ቀን ላይ ነው? ካልታሰረ በቆጠራው ዋዜማ ተቀጥሮ ከቆጠራው በኋላ የሚሰናበት ሠራተኛ ይቆጠርባችኋል። ቁጥሩን ኩባንያው በሚልከው ሪፖርት ብቻ አትቀበሉ፤ ከግብር ቢሮው የደመወዝ መዝገብ ጋር ይመሳከር።

ማበረታቻን ጨርሶ ተዉት ልላችሁ ይቃጣኛል። በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ያለው የምርምር ኩባንያዎች መንደር፣ ሪሰርች ትራያንግል ፓርክ፣ በ1959 ሲመሠረት ትልቁ ሀብቱ በዙሪያው ያሉት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ፤ ትልቁ የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም የመጣው ግን በ1965 ነው። ስድስት ዓመት የሚታገሥ ሹም፣ ስድስት ዓመት የሚታገሥ ወጣትም ዛሬ የት አለ?

ያም ሆኖ ስለ ማውንት ፕሌዛንት ያልኩትን በከፊል ልመልሰው ይገባል። ለፎክስኮን ከታሰበው መሬት ላይ ማይክሮሶፍት ከ2023 ጀምሮ ሰፊ ይዞታ ገዝቶ የዳታ ማዕከል (መረጃ የሚያከማቹና የሚያቀናብሩ ኮምፒውተሮች የሚሰበሰቡበት ሕንፃ) እየገነባ ነው፤ የተዘረጋው መንገድና ውኃ ባክኖ አልቀረም። ነገር ግን የዳታ ማዕከል ግንባታው ካለቀ በኋላ ከወጣበት ገንዘብ አንጻር የሚቀጥረው ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ውል ሲመጣላችሁ የቅጥር ቁጥሩን ወደ ጎን አድርጉና የንብረት ግብሩን፣ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የሚጠጣውን ውኃ፣ አዲሱን የኤሌክትሪክ መስመር የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠይቁ።