ደብረ ብርሃን ብንገባ ይሻለን ይሆን?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አከራያችን በሁለት ዓመት ሦስቴ ጨመሩብን። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ የሒሳብ ሥራዬን ቤት ሆኜ ነው የምሠራው። ደብረ ብርሃን ርካሽ ነው ይሉናል። ልጆቹን ይዘን ብንነሣስ?
ከመገናኛ

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም ከኮተቤ ዕቃዬን በአይሱዙ ጭኜ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። በመጀመሪያ ግን ወረዳህ ሂድ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ሦስቴ መጨመር ከየት መጣ?

ከተማው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዩኒቨርሲቲውና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመጡ ወዲህ ግን «ርካሽ» የሚሉት የድሮውን ነው። ከአስፋልቱ ራቅ ስትል ይቀንሳል፤ በክረምት ጭቃው ግን ጉልበት ይደርሳል።

ብርዱን አትናቀው! ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ኅዳሬ ደጅ ያደረው የባልዲ ውሃ ጠዋት በረዶ ሠርቶ ጠበቀኝ። የዚያኑ ቀን የመንዝ ባና ገዛሁ፤ እስካሁን ከላዬ አልወረደም።

ከገበሬ በመንደር ውል መሬት እንሽጥላችሁ የሚሏችሁን እንዳትሰሙ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ጎረቤቴ እንዲያ ገዝቶ የሠራው ቤት ፈርሶበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ያንተ ሥራ አይደለም፣ የባለቤትህ ደንበኛ ነው። እሷ ብቻዋን ቀድማ ትምጣ፤ አንዲት ክፍል ለሦስት ወር ተከራይታ የስፌት መኪናዋን ትትከል። ልጆቹ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ እዚያው ከአንተ ጋር ይቆዩ።