ከእሳቱ በፊት ያለው ሥራ፤ በብር ጭቃ ጌጥ መሥራት ለጀመራችሁ

ልጆቼ፣

ሜታል ክሌይ በሚባለው የብር ጭቃ ጌጥ መሥራት ስትጀምሩ ዓይናችሁ የሚሄደው ወደ እሳቱና ወደ ማወልወሉ ነው። ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት፣ ጭቃው ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።

ጭቃው ሦስት ነገር ነው፤ የደቀቀ ንጹሕ ብር፣ በእሳት የሚቃጠል ማያያዣና ውሃ። በመጀመሪያ የተሠራው በጃፓን ነው። ምድጃ ሲገባ ማያያዣው ተቃጥሎ ይጠፋል፤ የብሩ ቅንጣቶችም ሳይቀልጡ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በመካከላቸው የነበረው ክፍተት ስለሚዘጋ ጌጡ ይኮማተራል። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ዓይነቶች ከ8 እስከ 12 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ፤ የመጀመሪያው ዓይነት ግን ወደ 28 በመቶ ይደርስ ነበር። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትለኩ። 10 በመቶ በሚቀንስ ጭቃ ቁመቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ የአንገት መስቀል ከፈለጋችሁ 30ን ለ0.9 አካፍሉ፤ 33.3 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ።

ለመዳመጥ ከጭቃው ግራና ቀኝ አምስት አምስት የመጫወቻ ካርታ ደርባችሁ አስቀምጡ፤ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። እጃችሁንና መዳመጫውን የወይራ ዘይት በትንሹ ቀቡት፤ ሲበዛ ጭቃው ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም አታስነኩት፣ ብሩን ይበክለዋል። የተረፈውን ወዲያው በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ ደቂቃዎች ሲቆይ ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ላይ ደርሰናል። ላዩ የደረቀ ጌጥ ውስጡ ደርቋል ማለት አይደለም። እርጥበት ይዞ እሳት ከገባ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ብሩን ያነፋዋል ወይም ይሰብረዋል። አንድ ቀን ሙሉ በአየር አድርቁት፤ ከዚያ በጥቂቱ አሙቁና ቀዝቃዛ መስታወት ላይ አኑሩት። ስታነሱት መስታወቱ ላይ ጉም ካለ ውሃ አለው፣ መልሱት። ይህን ፈተና ጉም እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሙት እንጂ በግምት አትለፉት።

ደረቁ ጭቃ ለሞረድና ለብርጭቆ ወረቀት በጣም ይታዘዛል። በቁጥር 400 ወረቀት ጀምራችሁ በ600፣ ከዚያ በ1200 አለስልሱት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል። እዚህ በሁለት ደቂቃ የሚጠፋ ጭረት ብር ከሆነ በኋላ ረጅም ሰዓት ይፈጃል። ስንጥቅ ካያችሁ በውሃ በቀጠነ ጭቃ ሙሉት፣ እንደገና አድርቁት። የማንጠልጠያውን ቀዳዳ በጣት በሚዞር መሰርሰሪያ ብሱት፤ ከጠርዙ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ፣ አለበለዚያ ሰንሰለቱ ይቀደዋል። የሚወርደውን ዱቄት ንጹሕ ወረቀት ላይ ሰብስቡት፤ ብር ነው፣ ለመለጠፊያም ይሆናል።

ስለ እሳቱ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ማብረቁ መጠንከሩን አያሳይም። በደንብ ያልተቃጠለ ጌጥ ቢያወለውሉት ያበራል፣ ሲያጎብጡት ግን እንደ ብስኩት ይሰበራል። ቶርች፣ ማለትም በእጅ የሚያዝ የጋዝ ነበልባል፣ ለትንሽና ለቀጭን ሥራ ይበቃል። መጀመሪያ ጢስና ትንሽ ነበልባል ይወጣል፤ ያ ማያያዣው ነው። ከዚያ ብሩ የኮክ ዓይነት ብርቱካናማ ቀለም ያወጣል፤ ሰዓት መቁጠር የምትጀምሩት ከዚህ ነው፣ ለትንሽ ጌጥም ከ2 ደቂቃ አታሳንሱ። ቀለሙ በደንብ እንዲታያችሁ መብራቱን ቀንሱት። ላዩ እንደ ውሃ መንጸባረቅ ከጀመረ ነበልባሉን ወዲያው አርቁት፤ ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። አምራቾች 650 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሚበቃቸው ዓይነቶች አሏቸው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው ግን ድንጋይ የሌለበትን ጌጥ በ900 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ቢያቆየው ጥንካሬው በጣም የተሻለ ይሆናል። በደንብ ያልተቃጠለውንም መልሶ ማቃጠል ይቻላል።

ከእሳት የወጣው ጌጥ ነጭና ደብዛዛ ነው። ቀለም ወይም አመድ አይደለም፤ ላዩ ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። በሳሙና ውሃ እየነከራችሁ በናስ ሽቦ ብሩሽ ቦርሹት፤ ያለ ሳሙና ናሱ ቢጫ ጥላ ይተዋል። ከዚያ በደቃቅ ወረቀት፣ በመጨረሻም አጌት በሚባል ጠንካራና ልሙጥ ድንጋይ ወይም ላዩ ልሙጥ በሆነ ማሻ ብረት እየተጫናችሁ አሹት። ይህ ማሸት ላዩን ያጠነክረዋልም።

የተቀረጸው እንዲጎላ ማጥቆር ከፈለጋችሁ ሊቨር ኦፍ ሰልፈር የሚባለውን የድኝ ውህድ በሞቀ፣ ነገር ግን ባልፈላ ውሃ በጥብጡ። ለጥቂት ሰከንድ ነክራችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፤ ደጋግሙ። መስኮት ይከፈት፣ አሲድም አጠገቡ አይድረስ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ከማርትሬዛ ብር ጋር የለመዳችሁ ልዩነቱን እወቁ። ማርትሬዛ ከሺህ 833ቱ ብር ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ ጠንካራ ነው። የጭቃው ብር 999 ነው፣ ለስላሳ ነው። ለጉትቻና ለአንገት ጌጥ ተስማሚ ነው፤ በየቀኑ ለሚደረግ ቀጭን ቀለበት ግን አልመርጠውም።

የወሎን ኦፓል ለምትወዱ፤ ከጭቃው ጋር እሳት ውስጥ አታስገቡት። ውስጡ ውሃ ስላለው ይሰነጠቃል። ሉልና አምበርም (የደነደነው የጥንት ዛፍ ሙጫ) እሳት አይችሉም። የድንጋዩን መቀመጫ ከ999 የብር ጥብጣብ ሠርታችሁ ጭቃው ውስጥ ትከሉ፤ ከሺህ 925ቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ የሆነው አይሁን፣ መዳቡ በሙቀት ጠቁሮ መያያዙን ያበላሻል። ጥብጣቡ ስለማይኮማተር ዙሪያው ያለው ጭቃ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በደረቀበትና በተቃጠለበት ጊዜ ሁሉ ዙሪያውን ተመልከቱ። የወሎ ኦፓል ፈሳሽ ስለሚመጥ በድኙ ውሃም ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ አቃጥሉ፣ አወልውሉ፣ አጥቁሩ፣ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ኦፓሉን ከሁሉ በኋላ አስቀምጡና የጥብጣቡን ጠርዝ በማሻው ብረት ቀስ እያላችሁ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች በተራ እየተጫናችሁ፣ ድንጋዩ ላይ እጠፉት።